ማማከር ሙያ ነው፦ ስለ ፍቅርና ስለ ወሲባዊ ጤና የሚያማክረን ሰው ምን ተምሮ ይመጣል?



በአገራችን ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የፍቅር ጓደኛው አኮረፈችው እንበል። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ብቻ ሦስት አራት ምክር ይሰበስባል። የክፍል ጓደኛው «ተዋት፣ ሌላ ፈልግ» ይለዋል። ታላቅ ወንድሙ «አንተ ደግሞ ትምህርትህን አትማርም እንዴ!» ብሎ ይቆጣዋል። ባለ ሱቁ ጎረቤት «ስጦታ ግዛላት፣ ይበርድላታል» ይለዋል። ማታ እናቱ ከሰማች ደግሞ «ጸልይ ልጄ» ትለዋለች። ማናቸውም ክፉ አላሰቡበትም። ነገር ግን ከአራቱ አንዳቸውም «ምን ሆነህ ነው? አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው አልጠየቁትም።

እኔ በሙያዬ ሶሻል ወርከር ነኝ። ሶሲዮሎጂ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከወጣቶችና ከጥንዶች ጋር እሠራለሁ። ተማሪዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «የእናንተ ምክር ከእናቶቻችን ምክር በምን ይለያል? ደግሞስ ለምክር ትምህርት ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ወሲባዊ ጤናና ስለ ፍቅር ግንኙነት የሚያማክር ባለሙያ ምን እንደሚሠለጥን፣ ሥልጠናው ለምን እንዳስፈለገና እናንተ ወደ አማካሪ ስትሄዱ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ እንመለከታለን።

«መከረ» እና «አማከረ»

በአማርኛችን ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። ሰው ሲመክረን እሱ ይናገራል፣ እኛ አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን። ሰው ስናማክር ግን በመጀመሪያ የምንናገረው እኛ ነን፤ ጉዳዩም የእኛው ነው፤ ውሳኔውም የእኛው ነው። የሙያው ምስጢር በዚህች በትንሽ የፊደል ልዩነት ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ወላይታ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎች፣ በወላይትኛ ጪማ የምንላቸው፣ ተቀምጠው ያስታርቃሉ። በተለይ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲቃረብ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ስለማይገባ የተኳረፈ ሁሉ ይታረቃል። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ሽማግሌ ግን ዳኛም ነው፤ አጥፊውን ይለያል፣ ያስክሳል፣ «ለልጆቻችሁ ስትሉ» ብሎ ያግባባል። ዓላማው ቤቱ እንዳይፈርስ ነው። የሠለጠነ አማካሪ አጥፊ አይፈልግም፤ «ይህን አድርጉ» ብሎም አይፈርድም። አንዲት ሴት «ባሌ ኮንዶም እንጠቀም ስለው ሌላ ወንድ አለሽ ወይ ይለኛል» የሚለውን ነገር በሽማግሌ ፊት ለመናገር አንደበቷ ይያዛል። ለአማካሪው ግን ልትነግር ትችላለች። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

ሙያው ከየት መጣ?

በዓለም ደረጃ ይህ ሙያ ረጅም ዕድሜ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 በጄኔቫ ባለሙያዎችን ሰብስቦ አንድ ጥያቄ አነሳ፤ የጤና ባለሙያዎች ስለ ሰው ልጅ ወሲባዊ ሕይወት ምን መማር አለባቸው? በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሪፖርት ወሲባዊ ጤና ማለት የሰውን አካል፣ ስሜት፣ አስተሳሰብና ማኅበራዊ ኑሮ የሚያያይዝ ነገር እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ ቀደም ብዙ ሐኪሞች ስለ ሳንባና ስለ ልብ ዓመታት ሲማሩ ስለዚህ ጉዳይ ግን ብዙም ሳይማሩ ይመረቁ ነበር።

በአገራችን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ነው። ትምህርት ቤቱ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ለ30 ዓመት ያህል ቆየ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እስቲ አስቡት! የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ወረርሽኙ በተስፋፋባቸው ዓመታት አገሪቱ በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ አታወጣም ነበር ማለት ነው።

ክፍተቱን የሞሉት ነርሶች ነበሩ። ኋላ ላይ የምርመራ ጣቢያዎች ሲበዙ ነርሶችም አልበቁም። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶችና ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ጭምር ሠልጥነው አማካሪ ሆኑ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የአማካሪው ሥራ ተለወጠ። ቀድሞ መርዶ አርጂ ይመስል የነበረው ሰው «መድኃኒቱን እንዴት አድርገህ ሳታቋርጥ ትወስዳለህ? ለባለቤትህ እንዴት ትነግራታለህ?» እያለ ስለ ኑሮ መነጋገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ከእያንዳንዱ ሰው ጀርባ አንድ የፍቅር ጓደኛ፣ አንድ ትዳር ወይም አንድ ልጅ አለ፤ ሁሉም መነጋገር ያስፈልጋቸዋል።

በሥልጠና ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ሥልጠናው ስለ ቫይረሱ የሚሸመደድ ትምህርት ይመስለዋል። እሱም አለ። ይበልጥ የሚከብደው ግን ሌላው ነው።

1. በመጀመሪያ ራስን መመርመር

በተለመደ አንድ ልምምድ አሠልጣኙ በክፍሉ በአንደኛው ግድግዳ ላይ «እስማማለሁ»፣ በሌላው ላይ «አልስማማም» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ከዚያም አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፤ ለምሳሌ «ኮንዶም በቦርሳዋ የያዘች ልጅ ጨዋ አይደለችም»። ሁሉም ተነስቶ ወደ መረጠው ግድግዳ ይሄዳል። ቀጥሎ «ኮንዶም በኪሱ የያዘ ልጅ ጨዋ አይደለም» ይላል። ይሄኔ ነው ጉዱ! ከመጀመሪያው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ሌላኛው የሚሄደው ሰው ይበዛል። ማንም አይሰደብም፤ ማንም ሃይማኖቱን እንዲተው አይጠየቅም። ግን ሁሉም ሰው ለሴትና ለወንድ የተለያየ ሚዛን እንደያዘ በገዛ እግሩ ሄዶ ያየዋል። ይህን ያላየ አማካሪ ኮንዶም ልትጠይቅ የመጣችን ልጅ በአፉ ባይሰድባትም በዓይኑ ይሰድባታል። እሷም ዳግመኛ አትመጣም።

2. ቃላቱን መልመድ

ሌላው ልምምድ የአካል ክፍሎችንና ወሲባዊ ነገሮችን በስማቸው መጥራት ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሠልጣኙ ሁሉ ይናገራል። በአማርኛ ሲሆን ድምፁ ዝቅ ይላል። በወላይትኛ፣ በእናቱ ቋንቋ ሲሆን ግን ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ መሬት መሬት ያያል። ለምን መሰላችሁ? የእናት ቋንቋ ልብ ስለሚነካ ነው። ነገር ግን ከሁምቦ ወይም ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት ችግሯን በእንግሊዝኛ አትነግረንም። አማካሪው ካፈረ ተገልጋዩ እጥፍ ያፍራል። ስለዚህ ነውር ሳይሆን፣ ስድብም ሳይመስል፣ በአክብሮት የሚነገር ቃል እስኪገኝ ድረስ በቡድን እየተነጋገርን እንለማመዳለን።

የዕድሜም ነገር አለ። የ26 ዓመት አማካሪ የ60 ዓመት አባትን ስለ ወሲብ ሕይወታቸው እንዴት ይጠይቃል? ሥልጠናው ፈቃድ መጠየቅን ያስተምራል። «አባባ፣ በልጅዎ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሲጠይቅዎት ሊከብድዎት ይችላል። ለጤናዎ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ቢፈቅዱልኝ ልጠይቅዎት?» ሲባሉ ብዙዎቹ «ጠይቂ ልጄ» ይላሉ።

3. ማዳመጥ

ሠልጣኞች በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ተገልጋይ፣ አንዱ ታዛቢ ይሆናል። ታዛቢው አማካሪው ስንት ጊዜ ሰውየውን አቋረጠ፣ ስንት ጊዜ ፈረደ፣ ስንት ጊዜ ሳይጠየቅ መከረ የሚለውን ይጽፋል። ቦታ እየተቀያየሩ ሁሉም ይሞክራሉ።

እዚህ ላይ የጥያቄ ዓይነት ትልቅ ትምህርት ነው። «ኮንዶም አልተጠቀማችሁም አይደል?» የሚለው ጥያቄ ክስ ነው፤ መልሱም «ተጠቅመናል» የሚል ውሸት ነው። «በዚያን ቀን የሆነውን እስቲ ንገሪኝ» የሚለው ግን በር ይከፍታል። ከዚህም በላይ የሚከብደው ዝምታ ነው። ተገልጋይ ሲያለቅስ «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ብሎ ቶሎ ማፈን ይቀናናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ሦስቱን እንዲህ አስቀምጧል፤ የአማካሪው እውነተኛነት፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና ስሜቱን ከእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት። ለመናገር ቀላል ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላችሁ፣ ስልክ ሳትነኩ፣ የሚያለቅስ ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ሞክሩና ታዩታላችሁ።

4. ምስጢር መጠበቅ

ሶዶ የሻሸመኔ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። መንገደኛው ብዙ ነው፤ ነዋሪው ግን አሁንም ይተዋወቃል። አማካሪው የአንዱ ጎረቤት፣ የሌላው የቤተ ክርስቲያን ወንድም፣ የሦስተኛው ዘመድ ነው። እዚህ ምስጢር መጠበቅ ማለት ፋይሉን ቆልፎ መሄድ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን ለተገልጋዬ እንዲህ እላለሁ፦ «ገበያ ላይ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልሽም። ንቄሽ አይደለም፤ ሰው ከየት እንደምንተዋወቅ እንዳይጠይቅሽ ብዬ ነው። አንቺ ሰላም ካልሽኝ ግን በደስታ እመልሳለሁ።» ሰላምታ መንፈግ በእኛ አገር ከባድ ነገር ስለሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ምስጢር ገደብም አለው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሕፃን እየተደፈረ ከሆነ አማካሪው ብቻውን ይዞት ሊቀመጥ አይችልም። የሠለጠነ ሰው ይህን ገደብ ከንግግሩ በፊት ይነግራችኋል፤ ከነገራችሁት በኋላ አይደለም።

አንድ ታሪክ

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለታሪኮቹ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ፈቅደዋል። ማንም እንዳይለያቸው ግን ሥራቸውን፣ ቦታውንና ጊዜውን ቀይሬዋለሁ።

ሁለት እጮኛሞች ሠርጋቸው ከጊፋታ በኋላ ተቆርጦ ነበር። በአካባቢያችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት እጮኛሞች እንዲመረመሩ ስለሚጠይቁ ወደ ጤና ተቋም መጡ። ነርሷ ደም ከመውሰዷ በፊት «ውጤታችሁ ባይመሳሰል አብራችሁ መስማት ትፈልጋላችሁ ወይስ ለየብቻችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ተሳሳቁ። «አብረን ነዋ!» አሉ። ውጤቱ በተጨማሪ ምርመራ ተረጋገጠ፤ እሱ ቫይረሱ በደሙ ተገኘ፣ እሷ ነፃ ሆነች። ከዚያ በኋላ ነርሷ ሕክምናውን ስትከታተል የጥንዶች ምክሩ ለእኔ ተላለፈ።

በመጀመሪያው ቀን ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ እሷ ወደ እኔ ዞራ፣

«አሁን ምን ላድርግ? በቃ አንቺ ንገሪኝ» አለች።

«እሱን እኔ ልወስንልሽ አልችልም» አልኳት፤ «ለመወሰን ማወቅ የምትፈልጊውን ሁሉ ግን አብረን ልናየው እንችላለን። በመጀመሪያ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?»

ሦስት ነገር ጠየቀች። ይተላለፍብኛል ወይ? ልጅ መውለድ እንችላለን ወይ? ይህን ያውቅ ነበር ወይ?

ሁለቱን ጥያቄዎች ሳይንስ ይመልሳቸዋል። መድኃኒቱን በየቀኑ በትክክል የሚወስድና በላብራቶሪ ምርመራ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ የደረሰ፣ በዚያም የጸና ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። እስከዚያ ድረስ ኮንዶም አለ። ቫይረሱ ለሌለባት ደግሞ አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ልጅም ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ መውለድ ይቻላል። ይህን ስነግራቸው እሱ ትንሽ ቀና አለ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ላብራቶሪ አይመልሰውም። «እሱን ለእሱ ጠይቂው» አልኳት። ጠየቀችው። «በእግዚአብሔር ስም፣ አላውቅም ነበር» አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ እርሻ ልማት ሄዶ ስለነበረበት ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራት። አለቀሰች፤ ተቆጣች፤ ተነስታ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። የእኔ ሥራ እሷን ማባበል ወይም እሱን መከላከል አልነበረም። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሰማ፣ የሰማውንም በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ማድረግ ነበር። ተራ ነገር ይመስላል አይደል? የጥንዶች ሥልጠና ዋናው ክፍል ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እያንዳንዱ ሌላው የተናገረውን ሳይሆን የፈራውን ነው የሚሰማው።

በሦስተኛው ቀን ሠርጉን ለማራዘም ራሳቸው ወሰኑ። ነገሩም በዘመድ መካከል ጥያቄ አስነሳ። አንድ ቀን በከተማችን የተከበሩ፣ እኔንም ከልጅነቴ የሚያውቁኝ የልጅቷ አጎት ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ሠርጉ ለምን እንደተራዘመ አንቺ ታውቂያለሽ አሉ። እኔ እንደ አባቷ ነኝ፤ አትደብቂኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ቢሮ ማን መጣ ማን አልመጣም የሚለውን እንኳ ለማንም አንናገርም» አልኳቸው።

«እኔ ማንም ነኝ?»

«አይደሉም ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ነገ የእርስዎ ልጅ ቢመጣና ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እንዲሁ ነው የምመልሰው።»

ተቆጥተው ወጡ። ለብዙ ሳምንታት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አባት የሆነ ሰው ሲቀየምሽ ቀላል አይደለም፤ እናቴ ሳትቀር «ምን አድርገሻቸው ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ለእሷም አልነገርኳትም። ለእሳቸው አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ግን በማግስቱ በዚያ በር የሚገባ ወጣት አይኖርም ነበር።

ጥንዶቹ በመጨረሻ ምን ወሰኑ? እዚህ አልጽፈውም። «ተጋቡ» ብዬ ብጽፍ «ትክክሉ ማግባት ነው» ትላላችሁ፤ «ተለያዩ» ብልም «ትክክሉ መለያየት ነው» ትላላችሁ። እኔ የማውቀው በወሬና በፍርሃት ሳይሆን በእውቀት እንደወሰኑ፣ እሱም ሕክምናውን ሳያቋርጥ እንደቀጠለ ነው። የአማካሪ ሥራ የሚለካው በዚህ ነው።

አራቱ ደረጃዎች፤ የክበብ አባላትስ የት ናችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1976 ጃክ አኖን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በወሲባዊ ችግሮች ላይ የሚሰጥ እርዳታን በአራት ደረጃ ከፈለው። እስከ ዛሬ በሥልጠናዎች ውስጥ ይጠቀሳል።

የመጀመሪያው ፈቃድ መስጠት ነው። ሰውየው «ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም» ብሎ እንዲያምን ማድረግ ማለት ነው። ሁለተኛው ውስን መረጃ ነው፤ የተሳሳተውን በትክክለኛ እውቀት መተካት። ሦስተኛው ለዚያ ሰው ሁኔታ የሚስማማ ዝርዝር ሐሳብ ነው፤ ይህ የሰውየውን ታሪክ በደንብ ማወቅ ይጠይቃል። አራተኛው ጥልቅ ሕክምና ነው፤ የመደፈር ጠባሳ፣ የቆየ የትዳር ቁስል፣ ከባድ ጭንቀትና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

የፀረ ኤድስ ክበብ አባላትና የአቻ ለአቻ አወያዮች ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው። ሥራው ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ለምሳሌ ጓደኛችሁ «ትናንት ግንኙነት ፈጽሜ ዛሬ ተመርምሬ ነፃ ነኝ ተባልኩ» ቢላችሁ፣ ምርመራው ወዲያው ላያሳይ እንደሚችልና እንደ ጤና ባለሙያው ምክር እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ መመርመር እንዳለበት መንገር ትችላላችሁ። አንዲት ልጅ ተደፍራ ከሆነ ግን እዚያው ቁጭ ብላችሁ አታማክሯት። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ስላለ ሰዓቱ ወርቅ ነው፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ምርጡ ምክር «አብሬሽ ልሂድ?» የሚለው ነው።

ወደ አማካሪ ስትሄዱ

የሠለጠነ አማካሪን ለይቶ ማወቅ መብታችሁን ማወቅ ነው። የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

• በር ተዘግቶ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ያነጋግራችኋል።
• ስለ ምስጢር አጠባበቅና ስለ ገደቡ አስቀድሞ ይነግራችኋል።
• ያለ ፈቃዳችሁ አይመረምራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው አገር አቀፍ የምክርና ምርመራ መመሪያ መሠረት ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል።
• አይሰብካችሁም፣ አያስፈራራችሁም፣ አይስቅባችሁም። «ትጠብቁ» ብሎ ከመከራችሁም ምክንያቱን ያስረዳችኋል።
• ከእሱ አቅም በላይ ሲሆን «ይህን የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ አለ» ብሎ ያስተላልፋችኋል። ይህ አለማወቅ ሳይሆን የሙያ ሥነ ምግባር ነው።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌላ አማካሪ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ስላሳፈራችሁ ብቻ አገልግሎቱን ትታችሁ አትቅሩ።

ሙያውን መማር ለምትፈልጉ

ወደዚህ ሥራ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሥነ ልቦና፣ ነርሲንግ፣ ሕክምና፣ ሶሻል ወርክ ወይም እንደ እኔ ሶሲዮሎጂ መማር ይቻላል። የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በደጃችን ነው። ዲግሪው ግን መጀመሪያ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የማማከር ሥልጠና፣ በልምድ ባለሙያ ሥር ሆኖ መሥራትና ስም ሳይጠሩ ጉዳዮችን ከሥራ ባልደረቦች ጋር መወያየት ያስፈልጋል። ውጤታችሁ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አትምረጡት። የሰው ምስጢር መሸከም የምትችሉ፣ ከመናገር ይልቅ መስማት የምትወዱ ከሆነ ግን አገሪቱ ትፈልጋችኋለች።

በክበባችሁ ተወያዩበት

1. ባለፈው ወር ለጓደኛችሁ የሰጣችሁትን አንድ ምክር አስታውሱ። ከመምከራችሁ በፊት ስንት ጥያቄ ጠይቃችሁት ነበር?
2. በታሪኩ ውስጥ ያሉት አጎት የቆጡት በፍቅር ነው ወይስ በሥልጣን? እናንተ በአማካሪዋ ቦታ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?
3. በሽማግሌ ፊት የሚነገርና ለአማካሪ ብቻ የሚነገር ጉዳይ ምን ምን ነው? ለምን?
4. በሦስት በሦስት ተከፋፍላችሁ የአማካሪ፣ የተገልጋይና የታዛቢ ልምምድ አድርጉ። የምትናገሩት የራሳችሁን ምስጢር ሳይሆን የፈጠራችሁትን ታሪክ ይሁን።

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በቸር ቆዩ። ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛችሁ ሲያማክራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።